በቡሌ ብርድ የቀላ ቲማቲም

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ የትምወርቅ ጉግሳ አባቷን ለማስፈታት ወደ ጣልያን ምሽግ ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነበር። አባቷ ባላምባራስ ጉግሳ ከጎተራ ሥር የደበቁት ጠመንጃ ተገኝቶባቸው ዲላ ወህኒ ቤት ከገቡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ቡሌ ባለው ሰፊ ግቢያቸው የቀሩት እሷና አክስቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ብቻ ነበሩ።

ምሽጉ ቡሌ ላይ ነው። ከዲላ ሽቅብ የአንድ ቀን መንገድ ሲወጡ ቡናው ይቀርና ቀርከሃው ይጀምራል። ቡሌ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ ከእንሰቱ ቅጠል አይነሣም። ገብስ፣ ባቄላና ጎመን አገሩ ይስማማቸዋል፤ ፀሐይ የለመደ ተክል ግን እዚያ ወጥቶ አይበረክትም።

የምሽጉን ካፒቴን ያገኘችው በግቢው ጠርዝ፣ በእንጨት ሳጥን የተተከሉ ችግኞች ላይ ጎንበስ ብሎ ነው። ችግኞቹ ጠቁረው ተኮማትረዋል። አስተርጓሚው ኡስማን፣ የዲላ ነጋዴ ልጅ፣ አጠገቡ ቆሟል።

«አባቴ ታመዋል አሉኝ። ይማሩልኝ በለው» አለች።

ካፒቴኑ ቀና ሳይል መለሰ።

«ቲማቲሜ እየሞተብኝ ስለ እስረኛ አታውሩኝ ይላል» አለ ኡስማን።

«ምንድን ነው ቲማቲም?»

«ቀይ ፍሬ ነው። እነሱ ያለሱ ምግብ አይወርድላቸውም።»

የትምወርቅ ተንበርክካ አንዱን ቅጠል በጣቶቿ አሸችው። «ይህን የገደለው ብርድ ነው። እናቴ እዚሁ ቡሌ ላይ በርበሬ ታበቅል ነበር በለው። እኔም ሳግዛት ነው ያደግሁት።»

ካፒቴኑ አሁን ቀና አለ። ለፋሲካ አንድ ትልቅ አለቃው ሊጎበኘው እንደሚመጣ፣ ማዕዱ ላይ የቀላ ቲማቲም እንዲያይ እንደሚፈልግ ተናገረ። ያን ካደረገች የአባቷን መፍቻ ወረቀት ይፈርማል።

ኡስማን ይህን ከተረጎመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረ። «ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ እኔ አላውቅም እህቴ።»

«ሌላ ምን በር አለኝ?» አለችው።

የአትክልቱ ኃላፊ ባልቻ የሚባል የጌዴኦ ወጣት ነበር። የትምወርቅ ገና ከሩቅ አወቀችው። አባቱ ገሪማ የባላምባራስ ገባር ነበር፤ ማር ይገብራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል። ጣልያን ሲገባ ገባርነት ቀርቷል ተብሎ ታወጀና በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ነገር ሁሉ ተቋረጠ። ጥላቻው ግን እንዳለ ነበር።

«አንቺ ነሽ የምትሠሪው?» አላት። ድሮ ቢሆን «እመቤቴ» ብሎ እጅ ይነሣ ነበር። አሁን «አንቺ» አላት፤ ሲላትም ዐይኗን እያየ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

መቆፈሪያውን አቀበላት።

ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። ከመጋዘኑ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት። እናቷ በርበሬዋን የምትተክለው እንዲህ ያለ ግድግዳ ተጠግታ ነበር፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ መልሶ ይሰጣል። ባልቻ ደግሞ የራሱን አመጣ። ክንድ ተኩል ጉድጓድ ቆፍሮ ከጋጣ የወጣ ትኩስ የበቅሎ ፍግ ሞላበት፤ በእግሩ ረገጠው፤ ከላዩ አንድ ስንዝር አፈር አለበሰው። በሦስተኛው ቀን ጠራት።

«እጅሽን ክተቺ።»

እስከ አንጓዋ ከተተች። አፈሩ እንደ ሰው ብብት ሞቋል። ሳታስበው ፈገግ አለች። እሱም እጁን ከወዲያ በኩል አስገባ። የሁለቱም እጅ አፈር ውስጥ ቆየ። ጣቶቻቸው አልተነካኩም።

አዲስ ዘር ዘሩ። ችግኙ ሲወጣ መኮንኖቹ የጣሉትን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ሰበሰቡ። ክር በላምባ ነክረው ከጠርሙሱ ግርጌ ይጠመጥሙና ይለኩሱታል፤ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ቂጡ ቀጥ ብሎ ይረግፋል። አርባ ችግኝ፣ አርባ ጠርሙስ። ረፋድ ላይ ችግኙ እንዳይታፈን የጠርሙሱን አፍ ይከፍቱለታል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይወትፉና በቀርከሃ ቅስት ላይ የእንሰት ቅጠል ደራርበው ያለብሱታል። ጠዋት ደግሞ መግፈፍ ነው። በየቀኑ ይህንኑ ይሠራሉ፤ በየቀኑም አብረው ናቸው።

በኅዳር አንድ ቀን በረዶ ጣለ። መጋዘኑ ክፈፍ ሥር ተጠልለው ሲያዩ ባልቻ ድንገት ተናገረ።

«አባቴን በእንዲህ ያለ ቀን ነው አባትሽ ያሰሩት። ማሩን ጎዶሎ አመጣህ ብለው። ከጠዋት እስከ ማታ ግቢያችሁ ዛፍ ላይ፣ በረዶው እየወረደበት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳሉ አልለቀቀውም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ።»

በረዶው የእንሰቱን ቅጠል ሲቀድ ይሰማል።

«አስታውሳለሁ» አለች። «በመስኮት አየሁት። ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወደ ውስጥ ግቢ ስትለኝ ገባሁ።»

«ገባሽ።»

«ገባሁ። ዛሬም ድረስ እንደገባሁ ነው።»

ዞር ብሎ አያት። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም ነበር።

«ታዲያ ለምን ታግዘኛለህ?» አለች። «ይህ ሁሉ የሚደከመው ለሳቸው መሆኑን እያወቅህ?»

«እኔ ለሳቸው አልደክምም።»

«ለማን ነው?»

በረዶው ሲያባራ ባልቻ ቀድሟት ወጣና የተሰበሩትን ጠርሙሶች መልቀም ጀመረ። እሷ ግን መልሱ ገብቷት ስለነበር ከክፈፉ ሥር ለመውጣት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

በታኅሣሥ ሰማዩ ጠራ። ቡሌ ላይ የጠራ ሰማይ ክፉ ነው፤ ውርጭ ይዞ ይመጣል። አንድ ጠዋት ስትደርስ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። የእንሰቱን ቅጠል ገፈፈችው። ከሥሩ ያለው ችግኝ በፈላ ውኃ እንደተቀቀለ ጎመን ዝልፍልፍ ብሏል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከአርባው ሃያ ዘጠኙ ሞተዋል። መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ባልቻ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደው፤ ሲደነግጥ ወንድና ሴት ይምታታበታል። «አታልቅስ» አላት ከፊቷ ቁጭ ብሎ። «ተው፣ አታልቅስ። ዐሥራ አንድ አለ።»

በእንባዋ መሃል ሳቀች። እሱም ምን እንዳሳቃት ሲገባው አፈረ። የዚያን ጊዜ እጇን ያዘ። የሁለቱም እጅ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሆኖም አልተላቀቁም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጎህ ሳይቀድ ይመጣና እርጥብ እንጨት ያጨሳል፤ ጭሱ በአትክልቱ ላይ ተኝቶ ውርጩን ያግዳል። የራሱን ቡልኮ አምጥቶ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ደረበ። በምን ተሸፍኖ እንደሚያድር ስትጠይቀው «እኔ ቡሌ የበቀልሁ ነኝ» አላት። በየካቲት ቢጫ አበባ ወጣ። በብርዱ ንብ አልመጣ ሲል የትምወርቅ አበባውን አንድ በአንድ በስንደዶ ጫፍ ነካ ነካ ታደርገው ጀመር። አረንጓዴው ፍሬ ወር ሙሉ አልቀላም። እሷም ወር ሙሉ እህል በአግባቡ አልበላችም።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ቀላ። ዐሥራ አምስት ፍሬ ለቀሙ። አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ለማዕድ አይሆንም፤ ለሁለት ከፍለው ቀመሱት።

የትምወርቅ ፊቷን አጨፈገገች። «ይኸው ነው? ይኼ ኮምጣጣ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ሰው የሚታሰረውና የሚፈታው?»

ባልቻ ዘሩን ከከንፈሩ ጠረገ።

አለቃው መጣ፣ በላ፣ አመሰገነ። ካፒቴኑም ኡስማን ካሰበው በተቃራኒ ቃሉን ጠበቀ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት የትምወርቅ ወረቀቱን ይዛ ዲላ ወረደች። ባልቻ በቅሎ እየሳበ አብሯት ወረደ።

ባላምባራስ ጉግሳ አጥንታቸው ቀርቶ ነበር የወጡት። በቅሎዋ ላይ ደግፈው አወጧቸው። የጪጩን መንደር አልፈው አቀበቱ ሲጀምር አባትየው በደከመ ድምፅ ጠየቁ።

«ይህ በቅሎ የሚስበው ማን ነው?»

«ባልቻ ነው አባዬ። እርስዎ የተፈቱት በሱ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የገሪማ።»

«አውርዱኝ» አሉ ባላምባራስ። አወረዷቸው። ያን ሁሉ አቀበት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ በየሃያ እርምጃው እያረፉ፣ በእግራቸው ወጡት። ኀፍረት ይሁን ኩራት የትምወርቅ አላወቀችም። ባልቻ ባዶዋን በቅሎ እየሳበ ከኋላ ተከተለ።

በግንቦት ባልቻ ሽማግሌ ላከ። መምሬ ተክለጻድቅና ሁለት የጌዴኦ አዛውንቶች ናቸው የመጡት። ባላምባራስ ቆመው ተቀበሉ፣ አስቀመጡ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«በጣልያን ሰሐን ተሸጬ ነው የወጣሁት» አሉ። «አሁን ልጄን መርቅ ትሉኛላችሁ? የገባሬን ልጅ አማች ልበል? መምሬ፣ እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ ይህን የተናገረ ከግቢዬ በደህና አይወጣም ነበር።»

በሳምንቱ፣ ጉልበታቸው ገና ሳይጸና፣ ከአርበኞች ለመቀላቀል ወደ ጫካ ገቡ። ልጃቸውን ሲሰናበቱ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «እስክመለስ ስሜን ጠብቂ።»

በማግስቱ ባልቻ አትክልቱ ዳር ጠበቃት።

«እንሂድ» አላት። «ኮንጋ መንደር አጎት አለኝ። መሬት ይሰጠኛል። ማንም አይፈልገንም።»

«አባቴ ጫካ ናቸው ባልቻ።»

«ቤት እያሉም ከለከሉ፣ ጫካ ሆነውም ይከለክላሉ። መቼ ነው የሚሆነው?»

የትምወርቅ መሬት መሬቱን አየች። ልቧ ሂጂ ይላታል። ግን አባቷ በዚያ አቀበት ላይ ትከሻዋን ጨምድደው የያዙት እጅ ገና አልለቀቃትም። «ልባቸው ይመለሳል» አለች። «ምርቃታቸውን ይዤ ልምጣልህ። ጥቂት ታገሠኝ።»

ባልቻ አልተከራከረም። «እታገሣለሁ» አለ።

ያን ዕለት እሺ አለማለቷን በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸጸትበት ኖራለች።

ሁለት ዓመት ተጠባበቁ። አክስቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከቤት ወደ የትም እንድትወጣ አትፈቅድላትም፤ ካፒቴኑ ለቲማቲሙ ስለሚፈልጋት ብቻ ወደ አትክልቱ ትሄዳለች። ስለዚህ ባልቻም አትክልቱን አልለቀቀም። ጓደኞቹ እየተዉ ወደ ጫካ ሲሄዱ እሱ ቀረ። «የጣልያን አሽከር» የሚል ስም ወጣለት። የትምወርቅ ሰምታ «አንተም ሂድ» አለችው።

«ከሄድኩ የት አይሻለሁ?» አላት።

በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ዲላን ለቅቆ ወጣ። ኡስማን ከሳምንት በፊት ወደ ድንበር ጠፍቷል። ባላምባራስ ጉግሳ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ ሠላሳ ጠመንጃ አስከትለው ቡሌ ገቡ። በሦስተኛው ቀን ባንዳ የተባሉ ስድስት ሰዎች ታሰሩ። ባልቻ አራተኛው ነበር።

የትምወርቅ አባቷ እግር ላይ ወደቀች።

«እርስዎ በሕይወት ያሉት በሱ ነው አባዬ። ቡልኮውን ለችግኙ አልብሶ፣ ራሱ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው ያስፈታዎት።»

«አውቃለሁ» አሉ ባላምባራስ። «እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። አባቱ በእጄ ሞተ፤ እኔ በእጁ ዳንሁ። ይህን ተሸክሜ እንዴት እንደምኖር የሚነግረኝ አጣሁ።» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «ልጄን ብሎ ባይመጣ እንኳ በዝምታ እተወው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገ በሸንጎ ፊት ልቤ ከሱ ጋር አልነበረም በይ። ስሙን ከዝርዝሩ አወጣለሁ፤ አገሩን ለቅቆ ይሂድ። ካላልሽ ከሌሎቹ ጋር ይሰቀላል። ለሱ የተለየ ገመድ የለኝም።»

«እውነቱን ከሸንጎው በኋላ ልንገረው?»

«ብትነግሪው ይሄዳል?»

እንደማይሄድ የትምወርቅ ታውቃለች።

ሸንጎው የተቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ዝግባው ሥር ነው። ባልቻ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ቆሟል። ስታልፍ አያት። እንደ ወትሮው ማለዳ አትክልቱ በር ላይ እንደሚጠብቃት ነበር አስተያየቱ።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሏት መምሬ ተክለጻድቅ።

«አብረን አትክልት ኮትኩተናል።»

«ልብሽስ?»

«ልቤ ከሱ ጋር አልነበረም። አባቴን ለማስፈታት ብዬ ነው የቀረብኩት።»

ሰው አጉረመረመ። ባልቻ አልተነቃነቀም።

«በፈቃድሽ ነው የምትዪው?» አላት።

ሁሉም ወደሷ ዞረ። አባቷም እያዩዋት ነው። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ጨበጠች።

«በፈቃዴ ነው።»

ባልቻ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ፤ አልጮኸም፣ አልረገመም። ወዲያው ፈቱትና ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች በጉጂ በኩል ሸኙት። የትምወርቅ ስንቅና «ልቤ ካንተ ጋር ነበር» የሚል ቃል አስይዛ አክስቷን ከኋላው ላከች፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ ግን ወንዙ ድረስ ሄዳ፣ ከወዲያ ማዶ ሲወጣ ጀርባውን አይታ፣ ስንቁን እንደያዘች ተመለሰች። የቀሩት አምስቱ በማግስቱ ተሰቀሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጣባት። ሁለት ጊዜም እምቢ አለች። አባቷ ለምን ብለው አልጠየቋትም። እግራቸው ጨርሶ ሰንፎ አልጋ ላይ ዋሉ፤ እሷ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ስለ ባልቻ በመካከላቸው ቃል አልወጣም። ወይዘሮ ድንቅነሽ በ1936 ሞተች።

በ1938 የበጋ ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ ኡስማን መጣ። ምሕረት ታውጆ ተመልሷል፤ ከቦረና ጨው እያመጣ ይነግዳል። ወፍሯል፣ ጢም አሳድጓል። የትምወርቅ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ወተት ሰጠችው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ።

«ባልቻን ሜጋ ከተማ አግኝቼው ነበር» አለ በመጨረሻ።

የትምወርቅ የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት። የጉድጓድ ውኃ ጠባቂ ሆኖ። ገና ሲያየኝ ስላንቺ ነው የጠየቀኝ። አግብታለች ወይ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

ኡስማን ዋንጫውን በእጁ አዟዟረው። «በሸንጎ የሆነውን ነገረኝ። አሳዘነኝ። ሰውየው ከሰው ተለይቶ ደርቆ ሊቀር ነበር። ልቡ ቁርጡን ይወቅ ብዬ፣ አግብታለች፣ ወልዳለችም አልኩት። ያኔ ስላንቺ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ለሱ ብዬ ነው እህቴ።»

«እሱስ?»

«እግዜር ይባርክላት አለ። በዓመቱ ቦረና ውስጥ አገባ። አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ጸጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል እንጂ ደህና ነው።»

የትምወርቅ ወደ ግቢው አየች። ኡስማንም ዐይኗን ተከትሎ ግቢውን ቃኘ። የልጅ ልብስ አልተሰጣም። የወንድ ጫማ በር ላይ የለም። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አላገባሽም» አለ።

«አላገባሁም።»

«በሸንጎ ያልሽውስ?»

«ሊሰቅሉት ነበር።»

ኡስማን ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። «በሚቀጥለው ወር እወርዳለሁ» አለ። «እውነቱን ልንገረው?»

የትምወርቅ ልትናገር አፏን ከፈተች። ለአምስት ዓመት የተሸከመችው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ኡስማን ይጠብቃል።

«ሚስቱ ምን አጠፋች?» አለች።

ከውስጥ ባላምባራስ ጉግሳ ተጣሩ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«መጣሁ አባዬ» አለች።